«እኔ ነኝ» ያለ ሁሉ

ሰው በር ሲያንኳኳ ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? ከውስጥ «ማነው?» ይባላል። ከውጭ «እኔ ነኝ» ይባላል። ይከፈታል። አለቀ። እስከ ዛሬ «ማነው?» ተብሎ «እኔ አይደለሁም» ብሎ የመለሰ ሰው አላጋጠመኝም። ሌባም ቢሆን እኮ ለራሱ «እኔ» ነው። ይሄን ለባለቤቴ ስነግራት፣ ድምፅህን ስለማውቀው ነው የምከፍትልህ አለችኝ። እሺ፣ ባለፈው ሳምንት ለቆራሌው የከፈትሽለትስ ድምፁን አውቀሽው ነው? ስላት ሦስት ቀን አኮረፈችኝ።

ይሄ ነገር የሚያብሰለስለኝ ሥራ ፈትቼ አይደለም። እርግጥ አሁን ሥራ ፈትቻለሁ። ሲጀምረኝ ግን እንጀራዬ ነበር።

አሥራ አራት ዓመት በአንድ የክር ፋብሪካ የኮምፒውተር ባለሙያ ሆኜ ሠርቻለሁ። የፋብሪካውን ስም ተዉት፤ ስሙ ምን አደረገ። ቢሮው ቃሊቲ ነው። መጋዘኖቹ ከቃሊቲ እስከ አቃቂ እዚህም እዚያም ተበትነዋል። የቀለም ክፍሉ ደግሞ አቃቂ በሰቃ ነው። ስሜ ብርሃኑ ነው፤ ዘበኞቹ ግን «ኢንጂነር» ይሉኝ ነበር። ኢንጂነር አይደለሁም። አንዴ አልሠራም ያለ ፕሪንተር በጥፊ ብዬ ሳስነሳ አይተውኝ ነው።

በየቦታው አንድ አንድ ማሽን አለ፤ በድምሩ አሥራ አንድ። እኔ ቃሊቲ ቁጭ ብዬ በሰቃ ያለውን ማሽን ከፍቼ የፈለግኩትን መሥራት እችላለሁ። በር እንደማንኳኳት ቁጠሩት። አንኳኳለሁ፤ የሩቁ ማሽን «እኔ ነኝ» ይላል፤ የይለፍ ቃሌን እሰጠዋለሁ፤ እገባለሁ። ታዲያ ይሄን ነገር የፈለሰፉት ሰዎች ከእኛ ይልቅ ተጠራጣሪዎች ናቸው። «እኔ ነኝ» ማለት ብቻ አይበቃም፣ የቁልፉን አሻራ ያሳይ አሉ። አሻራው አርባ ሦስት የፈረንጅ ፊደልና ቁጥር ነው፤ ትልቁ ከትንሹ ተደበላልቆ የተጻፈ። ስም ይሰረቃል። ይሄ አሻራ ግን እንዲህ በዋዛ አይሰረቅም። ስለዚህ አንድን ማሽን ለመጀመሪያ ጊዜ ስታንኳኩ ኮምፒውተራችሁ ቆም ይልና ይጠይቃችኋል። ይሄን ማሽን አላውቀውም፤ አሻራው ይሄ ነው፤ ልቀጥል? አዎ ወይስ አይ?

እዚህ ላይ የሰው ልጅ ምን እንደሚል ታውቃላችሁ? አዎ። አንብቦ አይደለም። አርባ ሦስት ፊደል ማን ያነባል? የቸኮለበት ሥራ አለው፣ ይሄ ነገር መንገድ ዘጋበት፣ ስለዚህ አዎ። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ «አይ» የሚል ሰው ፈልጌ አጣሁ። ቢሮዬ ግድግዳ ላይ «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ብዬ በትልቁ ጽፌ ለጥፌ ነበር። የገባ ሁሉ አንብቦ ይስቃል። ወንበሩ ላይ ተመልሶ ሲቀመጥ ደግሞ አዎ ይላል።

ቢልስ ምን ይመጣል? ትሉኝ ይሆናል። ይሄውላችሁ፣ አንድ አስመሳይ ማሽን መሀል መንገድ ላይ ተቀምጦ «በሰቃ ነኝ» ይላል። አዎ ብላችሁ የይለፍ ቃላችሁን ትሰጡታላችሁ። እሱ ደግሞ በእናንተ ስም ቤቱን ሁሉ ይዞራል። ቁልፋችሁን ለማታውቁት ሰው ሰጥታችሁ ቤት ጠብቅልኝ እንደማለት ነው።

ከአሥራ አንዱ ማሽኖች እንቅልፍ የሚነሳኝ የበሰቃው ነበር። እዚያ ውስጥ የእትዬ ጸሐይ ቀለሞች ነበሩ።

እትዬ ጸሐይ የቀለም ክፍሉ ኃላፊ ናቸው። ለነጠላና ለቀሚስ ጥለት የሚሆነውን ክር የሚያስነክሩት እሳቸው ናቸው። ሸማኔ ከሽሮ ሜዳ ድረስ መጥቶ «የእትዬን ቢጫ ስጡኝ» ይላል። ምን ያህል ቀለም፣ ምን ያህል ጨው፣ ስንት ደቂቃ እሳት ላይ፣ ሁሉንም በአንድ ወፍራም ደብተር ላይ ሠላሳ ዓመት ሲጽፉ ኖረዋል። ነጩ ላይ የማይለቅ ቀይ ለማግኘት ብቻ ስድስት ዓመት ፈጅቶባቸዋል። አንዴ የአንዲት ሙሽራ ቀሚስ ታጥቦ ጥለቱ ነጩን ሮዝ ስላደረገው፣ ሙሽራዋ እናቷን ይዛ ፋብሪካው በር ላይ መጥታ አልቅሳለች። እትዬ ያን ቀን ጀምረው ቀዩን እስኪያገኙት ድረስ አላረፉም።

ደብተሩ የቀለም ውሃ እንፋሎት እየጠጣ ገጹ መላቀቅ ሲጀምር፣ እትዬ፣ ኮምፒውተር ውስጥ ላስገባልዎት ያልኩት እኔ ነኝ። ማንም አላዘዘኝም። እሳቸውም መጀመሪያ እምቢ ብለው ነበር፤ ለምኜ ነው። ሦስት ወር ቁጭ ብዬ ገጽ በገጽ ጻፍኩት። ደብተሩን ስመልስላቸው፣ ካስገባኸውማ ይሄ ምን ያደርግልኛል አሉና በር ላይ ቆሎ ለምትሸጠው ሴትዮ ለመጠቅለያ ሰጧት። እኔም ተው አላልኳቸውም። እንዲያውም ኩራት ቢጤ ተሰማኝ። ሰው ሲያምናችሁ ደስ ይላል እኮ።

አሁን ወደ አለቃዬ እንምጣ። ወጣት ነው፣ ክፉ ልጅ አይደለም። ከአንድ ሥልጠና ተመልሶ አንድ ሰኞ ጠራኝና የሁሉም ማሽን አሻራ ተሰብስቦ፣ እያንዳንዱ ተረጋግጦ፣ ከሥሩ «አረጋግጫለሁ» ተብሎ ተፈርሞበት እስከ ዓርብ ጠረጴዛዬ ላይ ይቀመጥ አለኝ። አሥራ አራት ዓመት ስጮህበት የኖርኩትን ነገር አለቃ ራሱ ሲያዘኝ አስቡት። ልስመው ምንም አልቀረኝ። ታዲያ ሳይቸግር ጤፍ ብድር እንዲሉ፣ ለዚህ ሥራ ብሎ አዲስ ላፕቶፕ ሰጠኝና አሮጌውን ወሰደው። አሮጌው አሥራ አንዱንም በአሻራቸው ያውቃቸው ነበር፤ አንዱ ተለውጦ ቢመጣ ይጮህ ነበር። አዲሱ ማንንም አያውቅም። እኔም በደስታ ሰክሬ ስለነበር ይሄን ልብ አላልኩትም።

አሻራዎቹን መሰብሰቡ ሁለት ሰከንድ ፈጀ። አንድ ትእዛዝ አለች፤ አሥራ አንዱንም ባንዴ «አሻራችሁን አምጡ» ትላቸዋለች፤ ያመጣሉ። ግን ይሄ መሰብሰብ እንጂ ማረጋገጥ አይደለም። ሌባውን ራሱን «አንተ ማነህ?» ብሎ ጠይቆ መልሱን በንጹሕ ወረቀት እንደመገልበጥ ነው። ለማረጋገጥ አንድ ሰው እማሽኑ ፊት መቆም አለበት። ለዚህም ብዬ የሁሉም ማሽን ስክሪን ሥራ ሲፈታ የራሱን አሻራ እንዲያሳይ ካደረግኩት ቆይቷል። እኔ የሰበሰብኩትን በስልክ አነባለሁ፣ እዚያ ያለው ሰው ስክሪኑ ላይ ካለው ጋር ያስተያያል። ይሄ ምኑ ይከብዳል?

ምኑ እንደሚከብድ ልንገራችሁ። የመጀመሪያው መጋዘን ኃላፊ ሁለተኛውን ፊደል ሳልጨርስ «ልክ ነው» አለኝ። ገና እኮ ነው ስለው፣ አንተ ብለኸው እንዴት ይሳሳታል አለኝ። ሁለተኛው እስከ መጨረሻው አዳመጠኝና «ልክ ነው፣ ጎበዝ» አለኝ፤ ፈተና ያለፍኩ ይመስል። ሦስተኛዋ ላይ ተንኮል መጣብኝ። የመታወቂያዬን ቁጥር አነበብኩላት። ልክ ነው አለች። ቀጥዬ የቤቴን ቆጣሪ ቁጥር አነበብኩላት። እሱም ልክ ነው። ለመሆኑ ስክሪኑ ፊት ነሽ ወይ? ብላት፣ አይ ምሳ ላይ ነኝ፣ ግን አንተን አላምንም እንዴ? አለችኝ።

ይሄ ስንፍና እንዳይመስላችሁ። ስንፍና ቢሆን ጥሩ ነበር፤ በደመወዝ ቅጣት ይስተካከላል። ይሄ ይሉኝታ ነው። እኛ ዘንድ «እስቲ አሳየኝ» ማለት «አላምንህም» ማለት ነው፤ «አላምንህም» ደግሞ ስድብ ነው። ቤታችሁ የመጣ እንግዳ ደጃፍ ላይ «መታወቂያህን» ብትሉት ዘር ማንዘሩ ያኮርፋችኋል። ሰዎቹ አክብረውኝ ነው። ሰው አክብሮ ገደል ሲከታችሁ ምን ትሉታላችሁ? ያን ቀን ስልኩን ዘግቼ ብዙ ሰዓት ግድግዳው ላይ ያለችውን ወረቀት ሳያት ዋልኩ። ተስፋ መቁረጥ ማለት ምን እንደሆነ ያን ጊዜ ነው ያወቅኩት፤ ማለቴ፣ ያን ጊዜ ያወቅኩት መስሎኝ ነበር።

ስለዚህ በእግሬ ዞርኩ። ከማክሰኞ እስከ ሐሙስ፣ ከሚኒባስ ወደ ባጃጅ፣ ከባጃጅ ወደ እግር። በከባድ መኪና መሀል እየተሽሎከለክኩ፣ አቧራውን እየበላሁ፣ አሥር መጋዘን ደረስኩ። በአሥሩም በር ላይ አንኳኳሁ። «ማነው?» ተባልኩ። «እኔ ነኝ» አልኩ። ተከፈተልኝ። አንዱ በር ላይ እንዲያውም ዘበኛው አዲስ ሰው ነው፤ በሕይወቱ አይቶኝ አያውቅም፤ ግን ላፕቶፕ ስለያዝኩ ወንበር ሁሉ አመጣልኝ። የማሽኖቹን ማንነት ላረጋግጥ ዞሬ የእኔን ማንነት የጠየቀ አንድ ሰው አጣሁ። አሥሩም አሻራ ፊደል በፊደል ገጠመ። የቀረው በሰቃ ብቻ ነበር።

ዓርብ ከሰዓት ወደ በሰቃ ልወጣ ስል ቃሊቲ ላይ አንድ ብረት የጫነ ተሳቢ ተገለበጠ። ታውቁታላችሁ፤ እዚያ መንገድ ላይ አንድ ተሳቢ ሲገለበጥ አቃቂ ሌላ አገር ይሆናል። ሚኒባስ የለም፤ ባጃጅ የለም። አለቃዬ በየሩብ ሰዓቱ እየደወለ፣ የት ደረሰ? ይለኛል። አሥር ሰዓት አለፈ። በሰቃ ደወልኩ። እትዬ ጸሐይ ወደ ቤታቸው ወጥተዋል። ስልኩን ያነሱት ጋሽ ደበሌ ናቸው።

ጋሽ ደበሌ የበሰቃው ግቢ ዘበኛ ናቸው። ያ አካባቢ እርሻ በነበረ ጊዜ፣ የቀለም ክፍሉ የቆመበት ቦታ የአባታቸው የጤፍ ማሳ ነበር። አሁን የአባታቸውን መሬት በደመወዝ ይጠብቃሉ። ጠባያቸው እንዲህ ነው፤ በጥበቃ መዝገባቸው ላይ የማይጽፉት ነገር የለም። መኪና ገባ፣ መኪና ወጣ፣ ዝናብ ጀመረ፣ የጎረቤት ድመት በአጥር ገባች፣ የጎረቤት ድመት ወጣች። እኛ ወጣቶቹ እንስቅባቸው ነበር። ወጣት ስል እኔም አርባ ስድስቴን ይዣለሁ፤ ግን ከእሳቸው አንጻር ነው።

ጋሽ ደበሌ፣ የማሽኑን ክፍል ይክፈቱልኝና ስክሪኑ ላይ የተጻፈውን ያስተያዩልኝ አልኳቸው። ሄዱ። ወንበር ሲጎትቱ ተሰማኝ። መነጽራቸውን ሲያወጡ ተሰማኝ። ማንበብ ጀመርኩ። አንዱን ፊደል አልኩ። ሁለተኛውን አልኩ።

«ኢንጂነር» አሉኝ፤ «አይደለም።»

«ምኑ ነው ያልሆነው ጋሽ ደበሌ?»

«አንተ የምትለው እዚህ የለም። አንተ መጀመሪያ ሰባት ቁጥር አልክ። እዚህ ያለው መሰላል የሚመስለው ፊደል ነው፤ ትልቁ።»

አስቡት እንግዲህ። አሥራ አራት ዓመት አንድ «አይደለም» የሚል ሰው ስፈልግ የኖርኩ ሰውዬ ነኝ። ለዚህች ቃል ስል ነው ግድግዳ ላይ ወረቀት የለጠፍኩት። ቃሏ በስልክ መጣችልኝ፤ ጥርት ብላ፣ ከነማስረጃዋ። ምን እንዳልኩ ታውቃላችሁ?

መነጽርዎን ጠረግ ያድርጉት አልኳቸው።

ጠረጉት። እንደገና አነበብኩ። እንደገና «አይደለም» አሉ። መነጽሩን አውቀዋለሁ፤ ከቃሊቲ መናኸሪያ በር ላይ፣ መሬት ላይ ከሚነጠፈው ላስቲክ የተገዛ ነው። የፈረንጅ ፊደል ደግሞ የት ያውቃሉ አልኩ በሆዴ። አለቃዬ በሌላኛው ስልክ እየጠራ ነው። ጋሽ ደበሌ፣ ምናልባት አበዛሁብዎት፣ ይተዉት፣ ችግር የለም አልኳቸው። «ችግር ካለስ?» አሉኝ። ሳቅኩ። ስልኩን ዘጋሁ። አዲሱ ላፕቶፕ ይጠይቀኛል፦ ይሄን ማሽን አላውቀውም፤ ልቀጥል? አዎ ወይስ አይ?

አዎ አልኩ።

የይለፍ ቃሌን ሰጥቼ ገባሁ። የእትዬ ቀለሞች በቦታቸው ነበሩ፤ ቢጫው፣ ቀዩ፣ ሁሉም። አያችሁ፣ ምንም የለም አልኩ ለራሴ። ከዝርዝሩ ሥር «አረጋግጫለሁ» ብዬ ፈረምኩ። ፊርማዬ እንዴት እንዳማረች አትጠይቁኝ። አለቃዬ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ የምለቅመውም አልተረፈኝም።

ሰኞ ጠዋት እትዬ ጸሐይ ደወሉ። የቢጫውን ልክ አውጣልኝ አሉኝ። አንኳኳሁ። ገባሁ። ባዶ ነው። ቀዩን ፈለግኩ፤ ባዶ። ደንግጬ ቃሊቲ ያስቀመጥኩትን ቅጂ ከፈትኩ። ማስቀመጡንስ አስቀምጬ ነበር፤ ሞኝ አይደለሁም። ግን እሱም የሚከፈተው በዚያው የይለፍ ቃል ነበር። እሱም ባዶ። የሰረቀ ሰው ወስዶ ይጠቀምበት እሺ፤ መቅዳት ሲችል ለምን እንደሚያጠፋው እግዜር ይወቅ። ማን እንደሆነም እስከ ዛሬ አልታወቀም።

በሰቃ ሄጄ ለእትዬ ነገርኳቸው። ይጮሁብኛል ብዬ ነበር፤ ቢጮሁብኝ ምን ነበረበት። ጓንታቸውን አወለቁና በርሜል ላይ አስቀመጡት።

«አስገብቼዋለሁ አላልከኝም ነበር?» አሉ።

«ብዬዎት ነበር፣ እትዬ።»

«እኔ እኮ አላየሁትም። አስገብቼዋለሁ ስትለኝ አመንኩህ።»

ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ የሚባለውን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ የምናውቀው ግን ከላይ ሆነን ነው። ፈረሱ መሆን ምን እንደሚመስል የነገረኝ ሰው አልነበረም።

ቆሎ ሻጯ ዘንድ አብረን ሄድን። የደብተሩ ነገር ትዝ ብሎኝ ነው። ሴትየዋ ከመቀመጫዋ ሥር ያለውን ወረቀት ሁሉ ዘረገፈችልን። ሰባት ቅጠል አገኘን። እትዬ አንድ በአንድ ለብርሃን እያነሱ አዩዋቸው። ይሄ የእጄ ጽሑፍ ነው፣ ይሄም የእጄ ነው፣ ይሄ ግን አይደለም አሉ። እውነትም ሰባተኛው የአንድ ተማሪ የጂኦግራፊ የቤት ሥራ ነው። ስድስቱ ውስጥ የቡናማው ግማሽ፣ አንድ ሐምራዊና የቢጫው መጀመሪያ አለ። የቢጫው መጨረሻ የለም። ቀዩ የለም። የሚያሳዝነው፣ ደብተሩን በሰጧት ሰሞን በየቀኑ እዚያች ሴትዮ ዘንድ ሽምብራ የምገዛ እኔው ነኝ። ስድስት ዓመት የተለፋበትን ቀይ፣ ሽምብራዬን በልቼ ስጨርስ ጨምድጄ ቃሊቲ መንገድ ላይ ሳልጥለው አልቀርም።

እትዬ ብዙውን በቃላቸው ያውቁታል። ግን «በቃሌ አውቀዋለሁ» ያሉት ሁሉ እጃቸው ላይ ሲመጣ ይጠራጠራሉ፤ ጨው ይጨምራሉ፣ ይቀንሳሉ። ቀዩ ይለቃል። ክሩን የሚነክሩት ሴቶች ሠራተኞች እስኪጠሩ ድረስ ወደ ቤታቸው ተመለሱ። የቀለም ክፍሉ ውስጥ ክሩ ነጭ እንደሆነ ተደርድሮ ተቀምጧል። እትዬ በስተርጅና እንደገና ደብተር ገዝተው ከገጽ አንድ ጀምረዋል። ጡረታ ሊወጡ ሁለት ዓመት ቀርቷቸው ነበር። ስድስት ዓመት የፈጀውን ነገር በሁለት ዓመት እንዴት እንደሚደርሱበት አላውቅም፤ እሳቸውም አያውቁም።

ከዚያ ኮሚቴ ተቋቋመ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ኮሚቴው ኮርኒስ ላይ አንዲት ትንሽ ሣጥን አገኘ፤ በማሽኑና በመስመሩ መሀል የገባች። ለካ ሳንኳኳ «በሰቃ ነኝ» ስትለኝ የነበረችው እሷ ናት። እኔ አሻራ መሰብሰብ ከመጀመሬ አንድ ሳምንት በፊት ሁለት ሰዎች ቆብ አድርገው፣ መሰላል ተሸክመው በሰቃ መጥተው ነበር፤ ያን ሳምንት በሰቃን ስላላንኳኳሁ አሮጌው ላፕቶፕም የመጮህ ዕድል አላገኘም። ሰዎቹ የመጡ ቀን ጋሽ ደበሌ ለቅሶ ሄደዋል። ተተኪው ዘበኛ «ማነው?» ብሎ ጠየቀ። «እኛ ነን፣ ከኢንተርኔት» አሉት። ከፈተ። መሰላሉንም ይዞላቸዋል። እንዳይወድቁ ብሎ።

እኔ ደግሞ ለኮሚቴው ምን ልበል? የመስመር ችግር ነው ልል ነበር። ታዲያ የጋሽ ደበሌ መዝገብ መጣ። ድመቷ ከወጣችበት መስመር ሥር እንዲህ ይላል፦ «ዓርብ ከቀኑ አሥር ሰዓት ተኩል፣ ኢንጂነር ብርሃኑ በስልክ ያነበበው ማሽኑ ላይ ካለው ጋር አይገናኝም። ሁለት ጊዜ ነግሬዋለሁ። ችግር የለም ብሏል።» ከሥሩ እኔ ያነበብኩትን የመጀመሪያዎቹን አሥር ፊደሎች፣ ከጎኑ ስክሪኑ ላይ ያሉትን አሥር ፊደሎች በእጃቸው ጽፈዋል፤ ትልቁን ትልቅ፣ ትንሹን ትንሽ አድርገው። አንድም አልሳቱም። የት ተማሩት? ብሎ አንዱ የኮሚቴ አባል ሲጠይቃቸው፣ የልጅ ልጆቼን ኦሮምኛ የማስጠናው እኔ አይደለሁም እንዴ፣ በዚያው ፊደል እኮ ነው የሚጻፈው አሉ። ስንት ዓመት አብሬያቸው ሠርቼ አንድ ቀን እንኳ ጠይቄያቸው አላውቅም።

በቸልተኝነት ተሰናበትኩ። አልተከራከርኩም። ምን ብዬ ልከራከር?

ባለፈው ማክሰኞ ዕቃዬን ልወስድ ቃሊቲ ሄድኩ። ዕቃ ስላችሁ ጃንጥላ፣ የሻይ ኩባያ፣ ሹራብ፣ እና ያቺ ግድግዳ ላይ ያለች ወረቀት ናቸው። ጋሽ ደበሌ ወደ ዋናው በር ተዛውረዋል። ፋብሪካው አዲስ ካፖርትና ሐኪም ያዘዘው መነጽር ገዝቶላቸዋል። እሱ እንኳ ደስ ብሎኛል። አንኳኳሁ።

«ማነው?» አሉ።

«እኔ ነኝ።»

በሩን ግን አልከፈቱም።

«እኔ ማን?»

አሥራ አራት ዓመት በዚያ በር ስገባ ስወጣ ይሄን የጠየቀኝ የለም። ስሜን እስከ አያቴ ነገርኳቸው። በበሩ ቀዳዳ አዩኝ።

«አውቅሃለሁ፣ ብርሃኑ» አሉኝ። ኢንጂነርነቴ ቀርቷል። «ግን እኔ ማወቄ አይበቃም። ዝርዝሩ ላይ የለህም።»

ዕቃዬን ብቻ ነው አልኳቸው። ለእሱም ደንብ ወጥቶለታል። ቅጽ እፈርማለሁ፤ ፊርማዬ ፋይሌ ውስጥ ካለው ጋር ከገጠመ ዕቃው ይመጣልኛል። ለማስተያያ የተሰጣቸውን ወረቀት ከመሳቢያ አወጡት። ሳየው አወቅኩት። አሥራ አንድ አሻራ፣ ከሥሩ «አረጋግጫለሁ»፣ ከዚያ ያቺ ያማረች ፊርማዬ።

ቅጹን በቀዳዳው ሰጡኝ። በሩ ላይ አስደግፌ ፈርሜ መለስኩላቸው። ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን አድርገው በጣታቸው እየተከተሉ፣ ሳይቸኩሉ፣ ከመጀመሪያው ጫፍ እስከ መጨረሻው አዩት። እንደገና ከመጀመሪያው ጀመሩ።

«አይደለም» አሉ።

«ጋሽ ደበሌ፣ እያዩኝ እኮ ነው የፈረምኩት።»

«አየሁህ። ግን አይደለም። ያኛውን የፈረመው ሰው እጁ አይንቀጠቀጥም።»

መነጽርዎን ጠረግ ያድርጉት የምትለዋ ነገር አፌ ላይ ደርሳ ነበር። መለስኳት። ጃንጥላዬም፣ ኩባያዬም፣ ወረቀቷም እስከ ዛሬ እዚያው ናቸው። ጋሽ ደበሌ አይደለም ካሉ አይደለም። በዚህኛው አመንኳቸው።